በየስንት ቀኑ ልጻፍ? ከሐመሩ ሐ የተማርኩት

ባለፈው ሰሞን አንድ ልጅ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ብሎግ ሊጀምር ነው፤ በሳምንት ስንት ጊዜ ልለጥፍ ነው ጥያቄው። በሁለት መስመር ልመልስለት ብዬ ጀመርኩና አልሆነልኝም። እኔ ራሴ ሰባት ዓመት የተንከራተትኩበት ጥያቄ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ እዚህ ልጻፈው አልኩ፤ ለሌላውም ይሆናል።

ቀን ቀን ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ አዲስ አበባ። ማታ ማታና እሁድ ደግሞ ለባለሱቆች፣ ለፀጉር ቤቶች፣ ለትንንሽ ካፌዎች ስለ ግብር በቀላል አማርኛ እጽፋለሁ። (አንዴ «ስለ ግብርና ስለ ሒሳብ አያያዝ» ብዬ ርዕስ ሰጥቼ የማዳበሪያ ዋጋ የጠየቀኝ ሰው አለ። ከዚያ ወዲህ «ስለ ግብር» ብዬ ቆም እላለሁ።) ብሎግ አለኝ፣ ጽሑፎቹን የምለጥፍበት የቴሌግራም ቻናልም አለኝ። ዝነኛ አይደለሁም፣ ሳንቲምም አላገኘሁበትም። ግን የሚያነቡኝ ሰዎች ባነበቡት ነገር ገንዘብ የሚከፍሉ ወይም የሚቀጡ ናቸው፤ ይኼ ነገር ኋላ ላይ ዋጋ አስከፍሎኛል።

የጀመርኩት ታኅሣሥ 2011 ነው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ወራት ሲመጣልኝ ነበር የምጽፈው። አንድ ሳምንት ሦስት እለጥፋለሁ፣ ከዚያ ወር ሙሉ እጠፋለሁ፣ ስመለስ «ይቅርታ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብዬ እጀምራለሁ። አሁን ወደ ኋላ ሄጄ ሳያቸው ከመጀመሪያዎቹ አሥራ አንድ ጽሑፎች አራቱ በይቅርታ ነው የሚጀምሩት። ማንም ግን የት ጠፋህ ያለኝ አልነበረም።

ከዚያ ምክር ማንበብ ጀመርኩ። በእንግሊዝኛ ስለ ብሎግ የሚጽፉት ሰዎች ዘንድ «በየቀኑ ጻፍ» የሚል ምክር ሞልቷል። አንባቢ ይለምድሃል፣ ጎግል ይወድሃል፣ እጅህ ይፈታል ይላሉ። እጅ መፍታቱ እውነት ነው፣ አልክድም። ያላየሁት ነገር ግን ያንን የሚመክሩት ብዙዎቹ እንጀራቸው ያው ጽሑፍ የሆነ ሰዎች መሆናቸውን ነው። አራሚ ያላቸው አሉ፣ ሥዕል የሚሠራላቸው አሉ። እኔ ያለኝ አንድ ስልክ፣ አንድ ያረጀ ላፕቶፕና ከሜክሲኮ ጀሞ ድረስ ታክሲ ውስጥ የምቀመጥበት ጊዜ ነው።

ግንቦት 1 ቀን «ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ» ብዬ ቻናሉ ላይ አወጅኩ። ዋናው ስህተቴ እዚህ ጋ ነው፤ በየቀኑ መጻፌ ሳይሆን ሳልሞክረው ማወጄ።

የመጀመሪያው አሥር ቀን ማር ነበር። የማውቃቸውን ነገሮች በሙሉ አወጣኋቸው። የደረሰኝ አያያዝ፣ የካሽ ሬጂስተር ጣጣ፣ የቀን ገቢ ግምት ማለት ምን እንደሆነ፣ የቫትና የተርን ኦቨር ታክስ ልዩነት። አሥራ አምስተኛው ቀን ላይ ጉልበቴ አለቀ። ርዕስ እንኳ አላጣሁም፤ ሰው ከጠየቀኝ ብዛት የሁለት ዓመት ርዕስ ነበረኝ። ያለቀብኝ የጻፍኩትን የማረጋግጥበት ጊዜ ነው። አዋጁን ገልጦ ለማየት ሰዓት ሲጠፋ ሰው ምን ያደርጋል? ማረጋገጥ የማያስፈልገውን ይጽፋል። «መልካም ሰኞ፣ ቁጠባ የብልጽግና መንገድ ነው» ዓይነት ነገር። አፍሬበታለሁ፣ ግን ለጥፌዋለሁ።

ቴሌግራም ላይ ከጽሑፉ ግርጌ ያቺ የዓይን ምልክት አለች አይደል፣ ስንት ሰው እንዳየው የምትቆጥረው። እሷን እያየሁ ነበር የምውለው። ግንቦት መጀመሪያ ላይ አንድ ጽሑፍ 400 ገደማ ሰው ያየው ነበር። ሰኔ ላይ 150 ሲሞላ ደስ ይለኝ ጀመር። የወጣ ሰው ብዙ አልነበረም፤ ድምፅ አጥፍተውኝ ነው። አንዱ ጓደኛዬ ፊት ለፊት ነገረኝ፦ «አንተ ልጅ፣ ስልኬ በጮኸ ቁጥር አንተ ነህ። ሚዩት አድርጌሃለሁ፣ አትቀየመኝ።» ሚዩት ያደረገህ ሰው ደግሞ መልሶ አይከፍትህም። እርግማን አይደለም፣ ዝም ብሎ ይረሳሃል።

ሰኔ 2011 ላይ ኢንተርኔት ለቀናት ተቋረጠ፤ የምታስታውሱት ታስታውሳላችሁ። እኔ ያን ጊዜ ምን ሠራሁ? ያልለጠፍኩባቸውን ቀናት እንደ ዕዳ መቁጠር። ኢንተርኔቱ ሲመለስ በአንድ ቀን አራት ጽሑፍ ለቀቅኩ። ማን አስገደደኝ? ማንም።

ወደ ሐምሌው ልምጣ። በዚያን ጊዜ ግብር ከፋዩ በሦስት ደረጃ ነበር የተከፈለው፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ። ትንንሾቹ፣ ቁርጥ ግብር የሚከፍሉት ደረጃ ሐ ናቸው፤ ጊዜያቸው ከሐምሌ 1 እስከ ሐምሌ 30 ነበር። ደረጃ ለ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ። ትልልቆቹ፣ ደረጃ ሀ፣ እስከ ጥቅምት 30። (ሕጉ ኋላ ተሻሽሏል፤ ይኼን አንብባችሁ ዘንድሮ እንዳትሠሩበት።) እንግዲህ ልብ በሉ፣ «ሀ» እና «ሐ» ሲነበቡ አንድ ናቸው። ሀሌታው ሀ ሌላ፣ ሐመሩ ሐ ሌላ ነው፤ ይኼን ለመለየት የፊደል ገበታ በደንብ የቆጠረ ሰው ይፈልጋል።

አንድ ማታ ደክሞኝ ገባሁ፤ የዕለቱን አልለጠፍኩም። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶታል፣ ቀኑ ሊያልፍ ነው። የመክፈያ ቀኖቹን ዝርዝር በስልኬ ጫር ጫር አድርጌ ለቀቅኩትና ተኛሁ። «ደረጃ ሐ እስከ ጥቅምት 30» ይላል። ሁለቱን ሀ አቀያይሬያቸዋለሁ። አላየሁትም። በማግስቱ ሌላ ጽሑፍ ነበረብኛ፣ መቼ ዞር ብዬ አያለሁ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሰፈራችን አስፋልት ማዶ ካለ ሱቅ ዳቦ ልገዛ ገባሁ። ባለሱቋ እናት ናቸው፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው። ዳቦውን ሰጥተውኝ ሂሳብ ሳይቀበሉ «ቆይ እስቲ ልጄ» አሉኝ። ከማስቲካው ካርቶን ሥር የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የከፈሉበት ደረሰኝ ነው፤ ቅጣቱም ወለዱም ለብቻ ለብቻ ተጽፏል።

«አንተ አይደለህ የግብሩን በስልክ የምትጽፈው? ትንሿ ልጄ አንብባልኝ ነው። ጥቅምት ነው አለችኝ። እኔማ መስከረም ላይ የልጆቹን ደብተር ገዛዝቼ ቀስ ብዬ እከፍላለሁ ብዬ።»

ቆጣ ብለው ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን የተሳሳተው ማን እንደሆነ እንኳ እርግጠኛ አልነበሩም፤ ልጅቷ አንብባ ይሆናል የተሳሳተችው ብለው ሊያስመሰክሩኝ ነው። ስልኬን አውጥቼ አየሁት። የኔ ነው። «እናቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቅጣቱን እኔ ልክፈል» አልኳቸው። እምቢ አሉ። «ከዚህ በኋላ ግን አጣርተህ ጻፍ» አሉኝና የዳቦውን ሂሳብ ተቀበሉኝ።

ያን ዕለት ማታ ጽሑፉን አረምኩ፣ ይቅርታ ለጠፍኩ፣ ከዚያ እስከ ኅዳር አንድ ቃል አልጻፍኩም። በየቀኑ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያቆሙት እንዲህ ነው መሰለኝ። ወደ ሳምንት፣ ወደ ወር አይወርዱም፤ በአንዴ ነው ድርግም የሚሉት።

ኅዳር 2012 ላይ ስመለስ «በሳምንት አንዴ፣ ሰኞ» አልኩ። ቀን መቁረጡን የወሰድኩት ከአባቴ ጋዜጣ ነው። አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ አዲስ አድማስ ይዞ ይገባ ነበር፤ እሁድና ረቡዕ ደግሞ ሪፖርተር። ቀኑን ያውቀዋል፣ ጋዜጣ አዟሪውም እሱን ያውቀዋል። ያ ጋዜጣ በየቀኑ ስላልወጣ አባቴ ረስቶት አያውቅም። አዲስ ዘመንም ቢሆን በ1933 ሲጀመር ሳምንታዊ ነበር፤ ዕለታዊ የሆነው ኋላ ነው። የሰው ኃይል ያለው ድርጅት እንዲህ ካደረገ እኔ ብቻዬን ምን አንቀዠቀዠኝ?

ሳምንታዊው ከዕለታዊው በብዙ ይሻላል። ግን እሱንም እስከ ግንቦት ነው የቻልኩት። አንድ ሰኞ ልቅሶ፣ አንድ ሰኞ መብራት የለም፣ አንድ ሰኞ ልጄ ታማ ሐኪም ቤት። ሰኞ ጠዋት ላይ መንቃት ጠላሁ።

ከዚያ ያቺ ሰኔ መጣች። ሰኔ 22 ማታ አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፣ በማግስቱ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። የሰው ሐሳብ የት እንደነበር ታውቃላችሁ፤ እኔም ስለ ጽሑፍ አላሰብኩም። ሐምሌ ሲገባ ግን ባለሱቋ እናት ትዝ አሉኝ። የዓመት ዕዳዬ ናቸው። ለሐምሌ ብዬ ያዘጋጀሁትን ጽሑፍ አሳጥሬ አንድ ገጽ አደረግኩትና ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ ሠላሳ ቅጂ አወጣሁ። የመጀመሪያውን ለሳቸው። «ሐምሌ 30» የሚለውን በወፍራም እስክሪብቶ አክብቤበታለሁ፣ ከጎኑ «ሐመሩ ሐ፣ ትንንሽ ሱቆች» ብዬ ጽፌአለሁ። በሩ ላይ ለጠፉት። ጎረቤታቸው ፀጉር ቤቱ ከሳቸው ላይ ፎቶ አነሳው፣ ሌላው ኮፒ አደረገው። ኢንተርኔት ሲመለስ ያቺን ወረቀት በማላውቀው ሰው ቻናል ላይ አየኋት፤ የክብ ምልክቷ ሳይቀር።

እስከዛሬ ከጻፍኩት ሁሉ በብዛት የተነበበው ያ ነው ብዬ አስባለሁ። በየቀኑም በየሳምንቱም የወጣ አይደለም። ሰው በሚፈልገው ሳምንት ነው የወጣው።

መስከረም 2013 ላይ ቁጭ ብዬ ሁለት ነገር ሠራሁ። ለምክር ፈላጊው ልጅ ዋናው ነገር ይኼ ነው፤ ሌላውን ብትዘለው ይኼን አትዝለል።

አንደኛው፣ አንድ ጽሑፍ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅብኝ ደብተር ላይ መዘገብኩ። በግምት አይደለም፣ ሰዓት እያየሁ። ጥያቄውን መምረጥና የጠየቀኝን ሰው መልሶ ማነጋገር 40 ደቂቃ። አዋጁንና መመሪያውን ማገላበጥ 2 ሰዓት። የምሳሌ ሒሳብ መሥራት 1 ሰዓት። መጻፍ 1 ሰዓት ተኩል። ሌላ ሰው አስነብቦ ማረም 40 ደቂቃ። ድምሩ ስድስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ነው የሚጎድለው። እኔ ደግሞ «አንድ ሁለት ሰዓት ቢፈጅብኝ ነው» እል ነበር፤ መጻፉን ብቻ ስለምቆጥር።

ከዚያ ያለኝን ትርፍ ሰዓት መዘገብኩ። በወረቀት ላይ በሳምንት ስድስት ሰዓት አለኝ፤ እሁድ ሦስት፣ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ አንድ ተኩል አንድ ተኩል። እሰይ፣ በሳምንት አንድ ይወጣል ማለት ነው። ስምንት ሳምንት ስከታተለው ግን ስድስት ሰዓት የሞላልኝ በሦስቱ ብቻ ነው። ሌላው ማኅበር፣ ሰርግ፣ እንግዳ፣ መብራት። የተቆራረጠውን ሁሉ ሰብስቤ ስደምረው በስምንት ሳምንት አራት ጽሑፍ ይወጣኛል። በወር ሁለት ማለት ነው። አለቀ። ክርክር የለውም፤ ሒሳብ ነው። እኔ ለሰው ሒሳብ እየሠራሁ የራሴን ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልሠራው መቅረቴ ነው የሚያስቀው።

ሁለተኛው፣ ሰው መቼ እንደሚያነበኝ አየሁ። ብሎጉ ቁጥሩን ያሳያል፤ ድሮ የማየው ግን «ዛሬ ስንት ገባ» የሚለውን ብቻ ነበር። የዓመቱን ስዘረጋው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ተራራ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ሜዳ። ሜዳው ላይ ደግሞ በየወሩ መጨረሻ ትናንሽ ጉብታዎች አሉ። ምንድን ናቸው ብዬ ስከታተል አንድ ጽሑፍ ነው፤ ሠራተኛ የቀጠረ ሰው የደመወዝ ግብርና ጡረታ እንዴት እንደሚያሰላ፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ። አንዴ ነው የጻፍኩት። ሰው ግን ወር በደረሰ ቁጥር እየፈለገ ይመጣል። በዚያ በየቀኑ ዘመቻ ከለቀቅኳቸው ውስጥ ግን እንዲህ ተፈልጎ የሚነበብ ሦስት እንኳ አልሞላም።

ስለዚህ አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ወር በገባ በ5 እና በ20 ይወጣል። የሀገራችን ወር ከጳጉሜን በቀር ሁሉም 30 ቀን ስለሆነ ይኼ ይመቻል፣ ቀኑ አይንሸራተትም። በ20 ያደረግኩት አንባቢዬ በየወሩ መጨረሻ የሚያስታውቀው ነገር ስላለው ነው፤ አሥር ቀን ካለው ወረቀቱን ፈልጎ፣ የጎደለውን ጠይቆ ይደርሳል። በ28 ብለጥፈው ማስደንገጥ ነው። (እናቴ «በ21 ብታደርገው ምን አለበት፣ ማርያም ናት» ትለኛለች። አስቤበታለሁ።) ሐምሌና ጥቅምት ላይ በየሳምንቱ አወጣለሁ። እነዚያን ግን ሐምሌ ላይ አልጽፋቸውም፤ ሚያዝያና ግንቦት ላይ፣ ማንም በማይፈልገኝ ጊዜ ጽፌ አስቀምጣለሁ። ስንቅ እላቸዋለሁ። ምንጊዜም ሦስት ያለቀለት ጽሑፍ በእጄ ከሌለ አዲስ ነገር አላውጅም። ቴሌግራም ቀንና ሰዓት ቀጥሮ የመልቀቅ ነገር አለው፤ ማታ አስገብቼው እተኛለሁ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ራሱ ይወጣል። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ የሚለጠፍ ነገር የለኝም፤ ያ በሕግ የተከለከለ ነው፣ በቤቴ ሕግ።

ጳጉሜን ላይ አልጽፍም። ለዚህ ምክንያት የለኝም፣ ደስ ስለሚለኝ ነው።

ሌላው ሰው የማይነግራችሁ ነገር የድሮውን ማደስ ነው። እኔ አሁን አንድን አሮጌ ጽሑፍ በደንብ ካደስኩት እንደ አንድ ጽሑፍ እቆጥረዋለሁ፤ ለአንባቢም እነግራለሁ፣ «ይኼኛው ታርሟል» ብዬ። በ2017 ክረምት የገቢ ግብር አዋጁ ማሻሻያ ሲወጣ ለሁለት ወር አዲስ የሚባል አንድም አልጻፍኩም። ሃያ ምናምን ጽሑፍ ነበር የነካው። ዝም ብዬ በአዲስ ላይ አዲስ ብጨምር ኖሮ ጎግል የሚያመጣላቸው የድሮውን ነበር፣ ከነአሮጌው ሕግ። እንደኔ ሕግ፣ መድኃኒት፣ ዋጋ፣ የጉዞ ሰነድ ላይ የምትጽፉ ከሆነ ይኼን አስቡበት። ብዙ መጻፍ ማለት ኋላ የምታድሱት ብዙ ማለት ነው።

ይኼ የኔ ልክ ነው እንጂ የሁሉም አይደለም። ስለ ኳስ የሚጽፍ ሰው በወር ሁለቴ ቢጽፍ ማን ያነበዋል? ጨዋታው ባለቀ በማግስቱ ካልደረሰ ቀዝቅዟል። የምንዛሪ ዋጋ የሚለጥፍም በየቀኑ ነው፣ ደግሞ ሁለት መስመር ስለሆነ ይችለዋል። የምግብ አሠራር የምትጽፍ ጓደኛ አለችኝ፤ እሷ ቀን አትቆጥርም፣ ጾም ነው የምትቆጥረው። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ሊገባ እሷ ሐምሌ 25 ላይ የጾም ወጡን አውጥታዋለች፤ የፋሲካ ሰሞን የዶሮውን ደግሞ ሰው ዶሮ ከመግዛቱ በፊት። በዓሉ ካለፈ በኋላ ብትለጥፈው የሚያየው የለም ትላለች። እንግዲህ ልጁ ስለ ምን እንደሚጽፍ አልነገረኝም፤ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ደግሞ እጅ ለመፍታት በየቀኑ መጻፍ ከፈለግህ ጻፍ፣ ማንም አይከለክልህም። እኔም ዛሬም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እጽፋለሁ፣ ታክሲ ውስጥ። ደብተሬ ላይ ይቀራል እንጂ አይለጠፍም።

ባለሱቋ እናት አሁንም አሉ፣ ሱቁን የምትይዘው ግን ያቺ ያነበበችላቸው ልጅ ሆናለች። ባለፈው ዳቦ ልገዛ ስገባ ከውስጥ ድምፄን ሰምተው፦

«ዘንድሮ ሐው ቀረ ይላሉ፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው እናቴ። ደረጃው ሁለት ብቻ ሆኗል፣ ሀ እና ለ።»

«ተገላገልን። የኛው መቼ ነው ታዲያ የሚከፈለው?»

አፌ ላይ መጥቶ ነበር። «በ5 ይወጣል፣ አጣርቼ» አልኳቸው።